ለትንሿ ድልም ቡና ይፈላ!

ሳምንቱ እንዴት ነበር? ‹‹እንደነገሩ›› የምትሉኝ ትበዛላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። እኛ ከተሜዎች ‹‹እንዴት ከረምክ?›› ስንባል ‹‹አለን እንግዲህ...›› ማለት ለምዶብናል። ሰው በሰባት ቀን ውስጥ አንድም የቀናው ነገር የሌለ ይመስል! እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ካለፈው ሰኞ ወዲህ ቤታችሁ ውስጥ ምን ተሳካ? ሲያንጠባጥብ የከረመው ቧንቧ ተጠግኖ ይሆናል። የተወዘፈው የቤት ኪራይ ተከፍሎ ይሆናል። ታናሽ ወንድማችሁ ሲጋራ ሳይነካ አምስት ቀን አሳልፎ ይሆናል። አዲሷ ሙሽራ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋገረችው እንጀራ ዓይን አውጥቶ ይሆናል። ታዲያ ማን እልል አለ? ማንም!

የእኛ ሰው ደስታውን የሚያስቀምጠው ለትልልቁ ነው። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የውጭ ቪዛ... ለእነዚህ ድንኳን ይጣላል፣ በግ ይታረዳል፣ አንዳንዴም ብድር ይገባባቸዋል። ከዚያ መለስ ያለው ግን ‹‹ደግሞ ለዚች!›› ተብሎ ይታለፋል። ‹‹ብዙ መሳቅ ኋላ ያስለቅሳል›› የሚሉ አሉ። ‹‹ዓይን ይበላናል›› ብለው ጎረቤት እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉም ሞልተዋል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲነገር ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትልቅ ድል ብቻ የሚከበር ከሆነ እንግዲህ በዚያ ዓመት ተፈታኝ ከነበረባቸው መቶ ቤቶች ዘጠና ስድስቱ ዝም ብለው አለፉ ማለት ነው። እኔም ብሆን 12ኛን ጨርሼ እዚያው ያቆምኩ ነኝ፤ ጋዋን ለብሼ፣ አበባ ታቅፌ የተነሣሁት ፎቶግራፍ እናቴ ሳሎን ውስጥ የለም። ታዲያ የእኛ የብዙዎቹ ደስታ መቼ ይምጣ? ለአርባ ዓመት ቀጠሮ እንስጠው እንዴ?

ይህን ነገር ቁጭ ብዬ እንዳስብበት ያደረገችኝ ግን ከተማ አይደለችም። ዱስ ናት።

ዱስ የት ናት?

ጂንካን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ናት፤ ተወልጄ ያደግሁባት። በልጅነቴ የአውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሐል ነበር፤ ከብትና ፍየል የሚግጥበት፣ እኛም ኳስ የምንራገጥበት ሜዳ። የቅዳሜ ገበያዋ ላይ የአሪው፣ የበናው፣ የሙርሲው ሰው ይገናኛል። ከጂንካ ወደ ደቡብ ቁልቁል ወርዳችሁ ቀይ አፈርን፣ ዲመካን፣ ቱርሚን አልፋችሁ ወደ ኦሞ ወንዝ ስትታጠፉ፣ ሙቀቱ ፊታችሁን እንደ ምጣድ ሲመታችሁ፣ እዚያ ከወንዙ ዳር የካራ ሰዎች መንደር አለች። እሷ ናት ዱስ።

ካራዎች ቁጥራቸው ትንሽ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ጊዜ ወደ 1,500 ገደማ ነበሩ። አንድ የከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሚማረው ተማሪ ያነሱ ማለት ነው! ቱሪስቱ የሚያውቃቸው ገላቸውን በነጭ ቀለም ሲዥጎረጎሩ ነው። ፎቶግራፉን ያነሣና ይሄዳል። ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ግን ፎቶግራፉ አይናገርም።

እኔ ቤት ውስጥ ያለውን ለማየት የበቃሁት በታላቅ እህቴ በኩል ነው። በመምህርነት ወደዚያው አካባቢ ሄደች፣ ከአንድ የካራ ልጅ ጋር ተዋወቀች፣ ተጋቡ፣ ቀረች። እናቴ መጀመሪያ ‹‹ልጄ ጠፋች›› ብላ አለቀሰች፤ በኋላ አማቿን ስታውቀው ጊዜ ‹‹ከጂንካ ወንዶች ማን ይተካከለዋል!›› ማለት ጀመረች። የሴት ነገር አትሉም?

እናላችሁ አንድ ዓርብ በጭነት መኪና ጋቢና ተጭኜ፣ ለእህቴ ስኳርና ሳሙና፣ ለስምንት ወር ልጇ ደግሞ ትንሽ ቀሚስ ይዤ ወረድኩ። ለቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የሄድኩት። ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ።

ዓርብ ማታ፦ የምትታየው ድድ

ገና እንደደረስኩ የታዘብኩት ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሕፃኗን ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያየው ፊቷን አይደለም። ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ድዷን ነው። አባትየው ከመስክ ሲገባ ያያል። የጎረቤት ሴት ለእሳት መጥታ ታያለች። የአባትየው እናት ደግሞ ጣታቸውን አስገብተው ይዳስሳሉ። ሕፃኗ ለሀጯን ታዝረበርባለች፣ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ጥርስ ሊመጣ ነው!

‹‹ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጨንቃቸው?›› ብዬ እህቴን በጆሮዋ ጠየቅኋት።

‹‹ላይ ነው ታች?›› አለችኝ፤ ሌላ አላለችም። እኔም የጂንካ ልጅ ነኝና ገባኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በካራ፣ በሐመርና በበና ዘንድ ‹‹ሚንጊ›› የሚባል ነገር ነበር። ሕፃን የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ ከወጣ ሚንጊ ነው ይባላል። ወላጆቹ ተገቢውን ሥርዓት ሳይፈጽሙ የተወለደ ልጅም እንደዚሁ። መንታም እንደዚሁ። እንዲህ ያለ ልጅ በሕይወት ከቆየ ዝናብ ይጠፋል፣ በሽታ ይገባል፣ መንደሩ ሁሉ ይቀጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር ልጁ ይገደል ነበር፤ አለዚያም ጫካ ይጣል ነበር። ወላጆቹ ልጃቸውን ስላልወደዱ አልነበረም። እናት ስታለቅስ መንደር ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱም ያሸንፍ ነበር።

በካራዎች ዘንድ ይህን ነገር ያስቆመው ከውጭ የመጣ ወታደር አይደለም። ከራሳቸው ከካራዎች መካከል ላሌ ላቡኮ የተባለ፣ ትምህርት ቤት የገባ ወጣት ተነሣ። ሁለት ታላላቅ እህቶቹ እርሱ ከመወለዱ በፊት በዚህ ልማድ እንደሞቱ የሰማው ካደገ በኋላ ነው። ሚንጊ የተባሉ ልጆችን ከሞት እያወጣ ከጓደኞቹ ጋር ጂንካ ላይ ማሳደግ ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹንም ለዓመታት አነጋገረ። በመጨረሻም በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ሚንጊ ከእንግዲህ ቀርቷል ብለው በሥርዓት አወጁ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ዘጋቢ ፊልም ሆኖ በዓለም ታይቷል።

እንግዲህ አዋጅ ማወጅ አንድ ነገር ነው። ከልብ ውስጥ ማውጣት ሌላ ነው። አዋጁ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖትም፣ ማንም ምንም እንደማይሆን እያወቀ፣ ያ ቤት ድዱን ያይ ነበር። የልጅ ጥርስ ለእናንተ ‹‹ጥርስ አወጣች›› ብላችሁ በስልክ የምትነጋገሩባት ወሬ ናት። እዚያ ቤት ግን ትንፋሽ ተይዞ የሚጠበቅ ነበር።

ቅዳሜ፦ ሞተሯ ተነሣች

ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ነገር ተገኘ። የእህቴ ባልና አራት ወንዶች ከወንዙ ዳር አንዲት የውሃ መሳቢያ ሞተር ከበው ቁጭ ብለዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነሣ ብላ አሰልችታቸዋለች።

ይህችም የራሷ ታሪክ አላት። ኦሞ ከደጋው ተነሥቶ ቱርካና ሐይቅ ድረስ የሚወርድ ወንዝ ነው። ድሮ በየክረምቱ ሞልቶ ዳር ዳሩን ያጥለቀልቅና ሲሸሽ ለም ደለል ጥሎ ይሄድ ነበር። ካራዎች በዚያ እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ የጎርፍ ሽሽ እርሻ የሚባለው ነው። ከዚያ በላይ ዝናብ አያስፈልገውም ነበር፤ ወንዙ በዓመት አንዴ ያጠጣላቸው ነበር። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን የወንዙ ጠባይ ተለወጠ። ለእኛ ለከተሜዎቹ መብራት መጣ። የድሮው ጎርፍ ደግሞ እንደድሮው መምጣቱን ተወ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ብቻ መናገር ደግ አይሆንም።

‹‹ድሮ መሬቱን የሚያጠጣው ወንዙ ራሱ ነበር›› አለኝ የእህቴ ባል፣ እጁ በዘይት ጠቁሮ። ‹‹አሁን የምናጠጣው እኛ ነን።››

ወደ ስድስት ሰዓት ግድም ሞተሯ ሁለት ጊዜ አሳለች፣ ጭስ ተፋች፣ ከዚያም ተነሣች! ቱቦው ተንቀጠቀጠና ውሃ ተፋ። ስፋቱ ከአንድ የኳስ ሜዳ የማይበልጥ ማሽላ ነው የሚጠጣው፤ መንደሩን በሙሉ የሚያጠግብ አይደለም። ነገር ግን ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሥራቸውን አቁመው ተቀመጡ። በቅል የቡና ገለፈት ተቀዳ፣ ዞረ። አንዱ ሞተሯ ስትነሣ ያሰማችውን ድምፅ እየቀዳ አሳቃቸው። አንዱ የጠፋውን ብሎን ያገኘውን ልጅ አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠው። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ቆዩና ተነሥተው ቦይ መቅደድ ጀመሩ።

እኔ ነኝ እንግዲህ ከተሜው፤ ‹‹ነገ ብትቆምስ?›› ብዬ ጠየቅሁ።

‹‹ነገ ብትቆም ነገ እንሠራታለን። ዛሬ ግን ተነሥታለች›› አለኝ።

እሁድ፦ ማንኪያው ‹‹ቅጭ›› አለ

እሁድ ጠዋት እህቴ ለልጇ አጥሚት ታጠጣለች። ማንኪያው ድንገት ‹‹ቅጭ›› አለ። ሁላችንም ሰማነው። እህቴ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። አያትየው ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ሕፃኗን ተቀበሏት፣ ጣታቸውን አስገቡ። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

ከዚያ አንድ ቃል ተናገሩ። የእህቴ ባል ተረጐመልኝ፦ ‹‹ላይኛው ነው።››

በዚያ ቤት የነበረውን ዝምታ ልገልጽላችሁ አልችልም። እሳቸውም ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የእርሱም የላዩ ነበር የቀደመው። ከዚህ በላይ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አያትየው ሕፃኗን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ደጅ ወጡ። ‹‹ምን ሊያደርጉ ነው?›› ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? በር ላይ ቆመው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ! ሴቶቹ ሲሰበሰቡ የሕፃኗን የላይ ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው ለእያንዳንዷ አሳዩ። ለአንዷ፣ ለሁለተኛዋ፣ ለሦስተኛዋ... ሳይደብቁ፣ ሳያፍሩ። እያንዳንዷም እያየች የሕፃኗን ራስ ዳበሰች። ከዚያ አያትየው ወደ እህቴ ዞረው፣ ‹‹ቡና አይጣድም እንዴ? ልጃችን ጥርስ አወጣች!›› አሉ።

እህቴ እንደ ጂንካ ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። እያለቀሰች ነው እልል የምትለው። ከምሳ በፊት ያቺ የሩዝ ፍሬ የማታህል ጥርስ በመንደሩ ያላየ ሰው አልነበረም።

በኋላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንደነገረችን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው የታችኛው ጥርስ ነው፤ የላዩ ቢቀድምም ግን ምንም በሽታ አይደለም፣ በየትም አገር ያጋጥማል። በሌላው ዓለም ያለች እናት ምናልባት ልብ እንኳ ሳትለው ይታለፋል። ዱስ ላይ ግን ያች ቡና የ2004ቱን አዋጅ አንድ ቤት ውስጥ አጸናችው። በእኔ እምነት አዋጅ የሚጸናው እንዲህ ነው፤ በየቤቱ፣ በየጀበናው።

እኛስ?

ወዳጆቼ፣ ‹‹ይህ የዱስ ነው፤ እኛ ሚንጊ የለብን፣ ምን አገናኘን?›› ትሉኝ ይሆናል። ቆዩኝማ! እኛም ቤት በዝምታ የሚታይ ድድ አለ። አባቱ ጠጪ የነበረ ጎረምሳ ሦስት ወር ሳይጠጣ ሲቆይ፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ የነበረች እህት ማታ ተመልሳ ስትመዘገብ፣ ተኳርፈው የከረሙ ወንድማማቾች አንድ ትሪ ላይ ሲቀርቡ... እነዚህ ትንንሽ ይመስላሉ። አንድ ክፉ ነገር ከዚያ ቤት እየወጣ መሆኑን ግን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ዝም ብለን ካለፍናቸው ማን ያጸናቸዋል?

ነገሩ የስሜት ብቻ አይደለም። የሐርቫርዷ ተመራማሪ ቴሬሳ አማቢሌ ከስቲቨን ክሬመር ጋር ሆና በ7 ድርጅቶች የሚሠሩ 238 ሰዎች በየቀኑ የጻፉትን ወደ 12,000 የሚጠጋ የቀን ማስታወሻ መርምራ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችው ጽሑፍ አለ። የሰውን የሥራ ቀን ከሁሉ በላይ የሚያሳምረው ትርጉም ባለው ሥራ ላይ ትንሽም ብትሆን ወደፊት መራመድ ነው ትላለች። የእኛ አባቶች ደግሞ ማስታወሻ ሳይሰበስቡ ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› ብለው ጨርሰውታል! ችግሩ እኛ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ዝም፣ ከሄደም በኋላ ዝም ማለታችን ነው።

‹‹በትንሽ መርካት ስንፍና ያመጣል›› የሚለኝም አይጠፋም። እውነት ነው፣ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የዱስ ሰዎች ግን ቡናቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ቦይ ለመቅደድ ነው የተነሡት። ደስታዋ ለቀጣዩ ሥራ ጉልበት ከሆነች ደግ ናት። መቀመጫ ከሆነች ግን ተጠንቀቁ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ

አንደኛ፣ ብር አታውጡ። ቡና፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ ይበቃል። ለትንሽ ድል ትልቅ ብድር ከገባችሁ ድሉም ተበላ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ ጀበናው ሲጣድ ሦስቱን ስኒ እንዲህ ተካፈሉት። በአቦል ላይ እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ የቀናውን አንድ ነገር ይናገር። በቶና ላይ ደግሞ የሌላውን ይናገር፤ ሚስት የባሏን፣ እህት የወንድሟን፣ ልጅ የእናቱን። በበረካ ላይ ለሰኞ ምን እንደቀረ ይወራ። ሁለተኛዋን ስኒ በተለይ አደራ! ወንዶች፣ ሚስቶቻችሁ በየቀኑ የሚሞሉትን ጀሪካን፣ በሌለ ብር የሚያበስሉትን ወጥ፣ አስታመው ያዳኑትን ልጅ ድል ነው ብላችሁ ቆጥራችሁት ታውቃላችሁ? ሴቶቹም እንደዚሁ፤ ባል ደመወዙን ሙሉውን ይዞ ቤቱ የገባበት ቀን በራሱ ተከትሎ የመጣ አይደለም።

ሦስተኛ፣ በጎረቤት ድል አትለኩት። የእሱ ልጅ ካናዳ ሄዷል፣ የእናንተ ልጅ ደግሞ ማንበብ ጀምሯል። ሁለቱ አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። ‹‹እገሌማ እኮ...›› የምትል ቃል ቡናው ላይ ከመጣች ጀበናውን አንሡት!

አራተኛ፣ አትደብቁት። ‹‹ዓይን ይበላናል›› እያልን የደበቅነው ደስታ በመጨረሻ እኛም ራሳችን ያላየነው ደስታ ይሆናል። የዱሷ አያት ሌላው ሰው ቢደብቀው የማይፈርድባቸውን ነገር በር ላይ ወጥተው አሳይተዋል።

አምስተኛ፣ ማንንም ‹‹ተደሰት›› ብላችሁ አታስገድዱ። ሐዘን ያለበት፣ ሥራ የፈታ፣ ልቡ የተሰበረ ሰው አጠገባችሁ ካለ እሱ ዛሬ ከአልጋው ተነሥቶ ፊቱን መታጠቡ ድል ሊሆን ይችላል። ስኒዋን ብቻ አቀብሉት። ሲፈልግ ያወራል።

ቅዳሜ እየመጣች ነው ወዳጆቼ። ሠርግና ምርቃት በመጣ ጊዜ ይምጣ፤ ድንኳኑን ያኔ እንጥላለን። እስከዚያው ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ የቀናችሁን አንዲት ነገር ፈልጉና ስሟን ጥሩ። ‹‹ምንም የለኝም›› የምትሉ ደግሞ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት፤ እሱ አይቶላችሁ ይሆናል።

መልካም ቅዳሜና እሁድ! ቸር ሰንብቱ።